አንዲት መስመር

መዝገቤን ሸጉጬ ከብብቴ ሥር፣
ከመሐል ሜዳ ወጣሁ ውርጩ ሳይሰበር።
ሰማንያ ሦስተኛ ናት በዝርዝሬ ላይ፣
ቤቷ ከአፋፉ ነው፣ ድንጋይ በድንጋይ፤
ፀሐይ ትሞቃለች ከደጇ ተቀምጣ፣
ባና ተከናንባ፣ እንዝርቷን ጨብጣ።
«ስም?» አልኩ። «ወርቅያንጥፉ።»
«ዕድሜ?» — ሣቋ መጣ።

«ዓመት አልቆጠርኩም፣ የማውቀው በሬ ነው፤
በል እንዳነጋገሬ ተከትለህ ጻፈው።

ዳልቻና ወይኖ ሲያርሱ ገና ልጅ ነበርኩኝ፤
አባቴ ንጋቱ ጓል እያስከመረኝ፣
ጓሉ በእበት ሲነድ ጢሱ ሲያስለቅሰኝ፣
‹አልቅሺ!› ይለኛል፣ ‹ገብሱ ይጠጣዋል፤
ያላለቀሱበት መሬት መች ያበቅላል?›

በቦራና ዛጎል ጊዜ ወገቡን ታመመ።
ወንድ ልጅ የለውም። የበልጉ ዝናብ ጣለ፣ ሞፈሩ ግን ቆመ።
‹ሴት እርፍ ከጨበጠች ሰማይ ይቆጣል› ይባላል፤
‹ጉሙ ሳይገለጥ ነዋ! ማን አይቶሽ ያወራል?›

እንዲያ ነው የጀመርኩ፤ በጉሙ ተጋርጄ፣
ያባቴን ካፖርት ለብሼ፣ ስሜን እቤት ትቼ ሄጄ።
‹ና ቦራ!› እላለሁ ድምፄን አወፍሬ፤
ዛጎል ግን ያውቀኛል፣ አይታለልም በሬ።
ጉሙ ሲነሣማ ሰው መጥቶ ያየዋል፤
‹ንጋቱ ታሞም እንኳ ትልሙን ይዘረጋል!›
አባቴ ደጅ ተኝቶ ምስጋናውን በላው፤
ማታ ግን መዳፌን በቅቤ ዳበሰው።

ቡላና ሻሾን ይዤ አጎናፍርን አገባሁ፤
ባና ሲሠራ እጁ ወርቅ ነው። ሲያርስ ግን አየሁ፤
ትልሙ እንደ እባብ ነው። ምንም አልተናገርኩ፣
ሌሊት ተነሥቼ በሬዎቹን ጠመድኩ።
እሱ ክር፣ እኔ እርፍ። አገሩ አላወቀም፤
ያወቀም ካለ ደግሞ ገብሱን በልቶ አላማም።

ሰባት ወልደን አራት ቀበርን።
እሱን አትጻፈው።

የመጨረሻዋን ወልጄ አራስ ቤት ሳለሁ፣
‹መሬት ላራሹ!› የሚል ጩኸት ከደጅ ሰማሁ።
ትኩሳቱም ነበረ፣ ጆሮዬም ደክሞኝ፣
‹መሬት ለአራሷ!› ያሉ መሰለኝ።
‹ለኔ ነው!› ብዬ ጮህኩ፣ ገንፎው ካፌ ተረፈ፤
አጎናፍር እየሣቀ ሄዶ ስሙን ጻፈ።
ክፋት አልነበረው፤ እንዲያ ነበር ነገሩ።
ዘጠኝ ዓመት ሆነው ከተጫነው አፈሩ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ቀዮ ብቻ ቀረኝ፤
ከፈረስ ጋር ጠመድኩት፣ አንገቱን አዙሮ አየኝ።
አንዷ ልጄ ደብረ ብርሃን፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ፤
ያባቷ ክር ኖሯል የሚስባት ለካ።
ሁለቱ ወንዶች ጅሩ ወርደው ከጥቁር አፈር ቀሩ፤
ክረምት ሲሆን ይመጣሉ፣ ስለ ጭቃው ሲያማርሩ።
ያሁኖቹ ጉራችና መጋል ናቸው፤ የጎረቤት ልጅ በእኩል ያርሳቸዋል፣
እኔ ካፋፍ ሆኜ ‹አጥብቀው!› ስል ይሰማል።»

ጥማዱን ደማምሬ «ሰማንያ ስድስት» አልኩኝ፤
«ፈረሱን ቆጥረኸዋል?» ብላ አቋረጠችኝ።

«ሥራ?» ይላል ቅጹ። እጄ እንደ ልማዱ
«የቤት እመቤት» ብሎ ጻፈ፣ በገዛ ፈቃዱ።
«ምን አልክ?» አለችኝ። አነበብኩላት።
እንዝርቷ ቀጥ አለ። ሌላ ቃል የላት።
ሰረዝኩና፣ ብርዱ ጣቴን እንደያዘው፣
ቸኩዬ «አራስ» ብዬ ጻፍኩ። ስስቅ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት ስሕተቱን እንዳለው።

«ሐሰት አይደል» አለች፣ «ሰባት ጊዜ ነበርኩ፤
አርባ ቀን ሳይሞላኝ ደግሞ ወጥቼ አረስኩ።
በፊደል ይራራቃል ወይ፣ አራስና አራሹ?»
«አንዲት መስመር ናት፣ እማማ፤ የምትጋደም ከራሱ፣
ከ‹ስ› አናት ላይ። እዩዋት።»
ጎንበስ ብላ አየች፤
ፊደል አልቆጠረችም፤
«ቀንበር ናታ!» አለች።

ጫንኩበት ቀንበሩን።
ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ሳልፈታ ሜትሬን፣
ቀድማኝ ወርዳለች ከማሳው ጠርዝ ላይ፣
በእግሯ ትነካለች የወሰኑን ድንጋይ።