የሦስት ዲግሪ ውሸት

በደብረ ማርቆስ ላይ፣ በታኅሣሥ ማለዳ፣
ከወፉም ከሰውም ቀድሞ የሚነቃ
እኔ ነኝ ለገንዳ።
የባሕር ዛፍ ቅጠል ሌሊቱን ሲረግፍ በላዩ አድሯል፤
በመረብ አፍሼ አወጣሁት ስል፣ ሌላው ይከተላል።
ክሎሪን በትኜ፣ እጄን ጨርቅ ላይ ጠርጌ፣
የሲባጎውን ጫፍ በጨለማ ፈልጌ፣
ከሃይላንድ ጠርሙስ ጋር ያሰርኩትን መለኪያ፣
ከወተት ማኅበሩ የለመንኩትን፣ የሌለውን መተኪያ፣
ከጥልቁ እስባለሁ።
ቀዩ መስመር ቆሟል፤ አሥራ ስምንት።
በባትሪ አየዋለሁ፣ ደግሜ አየዋለሁ፣
ደብተሬን ገልጬ እጽፈዋለሁ።

አሠልጣኝ አንሙት መጣ፣ የካፖርቱ ኮሌታ ጆሮው ድረስ ተስቦ፤
ልጆቹ ከኋላው፣ ፎጣ ተከናንበው፣
እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አንዱ ለአንዱ ቀርቦ።
"ስንት ነው?" ይለኛል።
እንዴት አደርክ የለም፤
ከእሱ ጋር ሰላምታ በቁጥር ይሆናል።

ማሞቂያው ከሞተ ሦስት ክረምት አለፈ፤
ዕቃው ይመጣል ሲሉ፣ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ዞሮ
ጠርዙ ረገፈ።
አንሙት ግን ያስተምራል፣ መዳፉን ዘርግቶ፦
"ሃያ ሰባት ቢሆን፣ ጡንቻችሁ ተፍታቶ፣
ትንፋሽ ከክንድ ጋራ ይሄድ ነበር ተስማምቶ።
ሠላሳን ካለፈ፣ ውሃ ውስጥ ያልባችኋል፣
ላቡን ማንም አያይ፤ ልብ ግን ያውቀዋል፣
ራስ ይከብዳል፣ እግር ይለግማል።
ከሃያ ሲያንስ ደግሞ ደም ወደ ሆድ ይሸሻል፣
ጣት እንደ መንሽ ተበታትኖ ይደርቃል፤
መንሽ ገለባ እንጂ ውሃ መች ያፍሳል?"
ይህን ሁሉ ብሎ፣ ፊሽካውን ይነፋል።

እኔ ምሁር አይደለሁ። የማውቀው አንድ ነገር፦
ይታይሽ፣ የሸማኔው ልጅ፣ ዓምና ከዳሩ ቆማ፣
እግሯን አስነክታ እግሯን ስትመልስ፣
አገጯ ሲንቀጠቀጥ፣ ዕንባዋ ሲደርስ፣
"ጋሼ፣ ስንት ነው?" ብትለኝ፣ አፌ ቀደመኝና
"ሃያ አንድ" አልኳት።
"ሃያ አንድ?"
ገባች።
ዋኘች።
ለካ ጆሮ ከእግር ቀድሞ ይሞቃል!
ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ፤
እውነቱ ደብተሬ ላይ፣ ጭማሪው አፌ ላይ።
ስሜም ይበልጣል ነው፤
የምናገረው ቁጥር ካየሁት በሦስት ይበልጣል።

መጋቢት ላይ ለውድድር ባሕር ዳር ወረዱ።
የሆቴል ገንዳ ነው፣ ፀሐይ የዋለበት፣
ሃያ ዘጠኝ ተኩል፤ ሕፃን የሚያስተኙበት።
ይታይሽ አምስተኛ ወጣች።
ስትመለስ ጠየቅኳት። ጫማዋን እያየች፣
"ጋሼ፣ ውሃው አልነከሰኝም" አለች።
"ካልነከሰኝ ከምኑ ልሽሽ?
መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ እንደ አልጋ።
ሁለተኛው ዙር ላይ ፊቴ ነደደ፣ ክንዴ ዛለ፣
ውሃው አቅፎ ያዘኝ፤ አልለቅም አለ።"

ትናንት ማለዳ ግን
ከእኔ ቀድሞ የነቃ ሰው አገኘሁ ከዳሩ።
ሲባጎው በእጇ ነው። ጠርሙሱ ይንጠባጠባል።
መለኪያውን ወደ ንጋቱ አዘንብላ ታነባለች።
ደብተሬም ወንበሩ ላይ ተገልጧል፤
የዓመት እውነት በሙሉ፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት።
አሥራ ሰባት።
አየችኝ። አየኋት።
"እ" እንኳ አላለችም።

በሩ ተንኳኳ፤ የዘንድሮ ጀማሪዎች ገቡ፣
ቆዳቸው እንደ ተነጨ ዶሮ።
ትንሹ ምንይችል፣ ፎጣውን በጥርሱ ነክሶ፣
"ስንት ነው?" አለ፣ ሊያለቅስ ደርሶ።
አፌን ልከፍት ስል ቀደመችኝ፦
"ሃያ አንድ ነው፤ ግቡ!"
ራሷ በፊት ተወረወረች፤
ገንዳው እንደ አዲስ ሸማ ተቀደደ።
ከወዲያኛው ዳር ብቅ ስትል
ከንፈሯ ወይን ጠጅ መስሏል፤
ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ እኔን እያየች፣
"እንዲያውም" አለች፣ "ሃያ ሁለት ሳይሆን አይቀርም።"