አራተኛው ጭረት

ካንዲ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን ዘነበ፤
ባጃጁ ከዳገቱ ሥር ቆመና አሰበ።
በሁለት ልጆች ክንድ ሱሜዳ ደረሰ፣
ተሽከርካሪ ወንበሩ ከኋላ እየራሰ።
ከክፍሌ በር ላይ አንድ ደረጃ ነበረ፤
አንድ ብቻ፤ ስንት ዓመት ማንም ሳይቆጥረው የኖረ።

የጃፓን ፊደል ሕግ አለው፦ ቁም፣ ቆልምም፣ ጥረግ፤
የሱሜዳ እጅ ግን አንዱንም አያደርግ።
ሲቆም ይንቀጠቀጣል፣ ሲጠርግ ይወድቃል፣
ወረቀቱ ላይ ጉንዳን የሄደ ይመስላል።
ቀይ እስክሪብቶ ይዤ
ከሃያው አራት ሰጠሁት። የሰጠሁት እኔ ነኝ።
«ሕግ ነው» ብዬ ተኛሁ፤ እንቅልፉም ወሰደኝ።

«ምሕረት አልጠየቅኩም» አለ፣ «መምህር ኒሉካ፤
ጠመኔው በእርስዎ እጅ ይሁን፣ ዕውቀቴ በቃሌ ይለካ።»
«የቱን ልጻፍ?» ስለው፣ «‹መብረር› የሚለውን፣
ዘጠኝ ጭረት ያለው፣ ክንፍ የደረበውን።»
ከኋላ ወንበር አንዱን ሳቅ አመለጠው፤
ሱሜዳም አብሮ ሳቀ፤ ቀልዱን ሆን ብሎ ነው ያመጣው።

«አንድ፤ ወደ ቀኝ ይሂዱ፤ አሁን ይታጠፉ፤
ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ይቆልመም ጫፉ።
ሁለት፣ ሦስት፣ ላባ ናቸው፤ አጭር አጭር ያድርጓቸው።»
እጄ በልማዱ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይቆም፣
ሁለተኛውን ክንፍ ከታች ሊደግም፣

«ይቁሙ!» አለ።
ክፍሉ ዝም አለ።

«አራተኛው ምሰሶው ነው፣ መሃል ላይ ተተክሎ፤
ሁለተኛው ክንፍ ይቆይ፤ ይመጣል ተከትሎ።»

መጽሐፉን ገለጥሁ። እውነቱን ነው።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ክንፉን አስቀድሜ
ስንቱን አስተማርኩት እዚህ ሰሌዳ ፊት ቆሜ?
ጭረቴ ቆንጆ ነበር፤ አንድም መጣመም የለበት፤
የማይንቀጠቀጥ እጅ፣ ቀጥ ያለ ስሕተት።

ለፈተና ክፍሉ ጻፍሁ ደብዳቤ፣
«እሱ ይዘዝ፣ ሌላ እጅ ይጻፍ» ብዬ፣ አስቤ አስቤ።
መልሱ አልመጣም። አናጺውም ለደረጃዋ ሳንቃ አላመጣ፤
«ዝናቡ ያባራና» ይላል፣ በተጠየቀ ቁጥር ሲቆጣ።
ሰሌዳውን እኔ አላጠፋሁትም፤
የማታው መምህር አጠፋው፤ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ሌሊት ግን፣ መብራት ሲጠፋ፣ በጣቴ ጨለማው ላይ እጽፋለሁ፦
አንድ፣
ሁለት፣ ሦስት፣
አራት ላይ ስደርስ እጄን ይዤ
ድምፁን እጠብቃለሁ።