የመብራት ጥቅሻ

ከማርቆስ ስንነሣ፣ በስምሪቱ ወረቀት
ሰዉ አሥራ ሁለት ነው፣ በሕግ፣ በሥርዓት፤
ኬላዋን ስናልፍ፣ ከየባሕር ዛፉ ሥር
ብቅ ብቅ ሲል ጊዜ፣ አሥራ ዘጠኝ ሆነ ቁጥር።
ረዳቴ እንየው፣ ዓይኑ ከኔ ይረዝማል፤
ነጭ እጅጌ ሲያይ፣ «ጎንበስ በሉ!» ይላል።
ሰባቱ ትርፍ ሰዎች፣ ከነጋቢያቸው እጥፍ፤
ለትራፊኩ ሰግደው፣ ቀና ይላሉ ስናልፍ።
ለቤተ ስኪያን እንኳ፣ እንዲያ ሲሰግዱ አላየሁ፤
እኔም እጄን አንሥቼ፣ «እንደምን አደርህ ሳጅን» እለዋለሁ።

ሉማሜ መግቢያ ላይ፣ «ሠላሳ» የሚል ሰሌዳ
ነበረ አሉ ድሮ፣ ዙሪያው ቀይ፣ መሐሉ ጸዓዳ።
እኔ ሳውቀው ግን፣ ምሰሶው ብቻ ነው የቀረ፤
ፍየል ትታከከዋለች፣ አህያም ታስሮበት አደረ።
ቆርቆሮውን የነቀለው፣ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ
ለዶሮ ቤቱ በር፣ ገጥሞታል በሚስማር ወዶ።
ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው፣ እስከማውቀው በዚህ አገር
ከሠላሳ በላይ፣ የማይሮጡ በሕግ በር።

የእኛማ ሕግ ሌላ ነው፤ አልተጻፈም፣ አልታተመ፤
መንገድ ያወጣው ነው፣ ከጎማ ጋር የከረመ።
ከፊትህ የመጣው፣ በመብራት አንዴ ቢጠቅስህ፣
«ትራፊክ አለ» ነው፤ ቀበቶ እሰር፣ ከነዳጁ ይነሣ እግርህ።
ሁለቴ ከጠቀሰህ፣ «አዲስ ልጅ ነው፣ የሻይም አይቀበል»፤
ያኔ አርባን ይዘህ፣ እንደ ታቦት ሸኚ ቀስ በል።
ይህን ሳላጎድል፣ አሥራ አንድ ዓመት ነዳሁ፤
አንዱን ጠቅሼ አዳንሁ፣ በአንዱ ጥቅሻ ዳንሁ።
ስንዋደድ! ስም የማንጠያየቅ፣ የማንተዋወቅ፤
ሌላን እናስጠነቅቃለን እንጂ፣ እኛ መች ስንጠነቀቅ።

በኅዳር አንድ ማለዳ፣ የትኖራ ልንገባ ስንል፣
ጉሙ አስፋልት ላይ ተኝቶ፣ ማሳው ሐይቅ ሲመስል፣
ዘጠና ላይ ነበርሁ፤ እንየው ሒሳብ ሲሰበስብ፣
አንድ አይሱዙ ከጉሙ ወጣ፣ እንደ ክፉ ሐሳብ፤
አንዴ ጠቀሰኝ። ሁለቴ።
«አዲሱ ልጅ ነው!» አልሁና፣ ፍሬን ረገጥሁ በፍርሃቴ።
ሰማንያ። ስድሳ። አርባ። ወርዶ ወርዶ ሠላሳ።
ሰባቱ ጎንበስ አሉ፤ እጄም ለሰላምታ ተነሣ።

ነጭ መጣ።
እጅጌ ግን አልነበረም።
ጋቢ ነው። አራት ጋቢ፣ ከአስፋልቱ መሐል የቆመ፣
ትከሻ ሲለዋወጥ፣ ከቃሬዛ ሥር እየደከመ።
ቃሬዛ አይሮጥም። ጡሩንባ ቢነፋበት አይሸሽም።
በላዩ ውብአንቺ ናት፤ ሁለት ሌሊት አምጣ፣ ገና አልተገላገለችም።

አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምሁ።
አያ ሽባባው መስኮቴን ይዘው፣ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ፣
«እግዜር ይስጥህ፤ ደግ ሰው ነህ፤ አልመጣህም እንደሌላው ስትሮጥ።»
ያን ምርቃት የት ላኑረው? ከወንበር ሥር እንደሚረሳ
ባለቤት የሌለው ዕቃ፣ ይኸው ከበደኝ፣ ከትከሻዬ አልተነሣ።

ሰባቱ ሳይባሉ ወረዱ፣ የቀሩትም ተጠጋጉ፤
ወደ ደጀን ልበርር ስል፣ አያ ሽባባው ሰጉ፦
«ቀስ በል ልጄ፤ ስትነጥር ያማታል።»

ሠላሳ።
በዕድሜዬ እንዲያ ነድቼ አላውቅም።
የፍጥነቱ ልክ፣ ሰሌዳም ደብተርም አልነበረ፤
የውብአንቺ ማቃሰት ነው፣ እግሬን እንደ እህል የሠፈረ።
ከኋላ ጡሩንባ፤ የሚያልፈኝ ሁሉ «ተኝተሃል ወይ?» አለ።
ደረስን። ወንድ ትውለድ ሴት፣ ትኑር ትሙት፣ አላወቅሁም፤
ተራ ነበረብኝ፤ ተመለስሁ እንጂ አልቆየሁም።

ተለወጥሁ አልልም። ሲሮጡ የታጠቁት፣ ሲሮጡ ይፈታል፤
በሳምንቱ እንየው፣ «ቀደሙን እኮ!» ይለኛል።
ትርፍም እጭናለሁ። ብቻ፣ ጉም በወረደ ቁጥር የትኖራ ላይ፣
አንድም ነጭ እጅጌ ሳላይ፣
ለመጣው ሁሉ እጠቅሳለሁ። አንዴ። ሁለቴ።
ይፈራሉ። ቀስ ይላሉ።
ኋላ ደጀን ምሳ ቤት፣ ሲያገኙኝ ይቆጣሉ፦
«ውሸታም! ማንም የለም እኮ!» ይላሉ።

ማንም የለም።
እኔም እንዲያ እል ነበር።