ስለ ዘበኛው የተባለ

አፉላ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ ከቆመ ሰንብቷል፤
ኮምፒውተሩ ከአሮጌ ተራ፣ አንድ ጎኑ ክዳን አጥቷል፤
ዲስኩ አራት፤ ሦስተኛው ጥፍር የነካው ይመስላል፣
ሲዞር ያቃስታል፤ ቢሆንም ይዞራል።

ጨዋታው ከልብወለድ የተቀዳ፦ የጨው ነጋዴ ሚስት፣
ባሏ ሞቶ የቀረላት የወደብ ዳር ቤት፣
ያልተከፈተ ክፍል አለ፣ ያልተነበበ ደብዳቤ አለ፤
ሩጫ የለ፣ ተኩስ የለ፤
ቀስቷን ወስዶ መጠቆም፣ ጠቁሞ መጫን፣
የተነካው እስኪናገር መታገሥ ብቻ ነው ሥራችን።

ጌና ካርኮቭ ሳለ መጽሐፉን ጨርሶታል።
«ይሄ» ይላል «ለሚያነብ ሰው ስድብ ይባላል!
እዚያ ከደረጃ ወድቃ ትሞታለች፤
እዚህ ቀሚሷን አራግፋ ትነሣለች።»

ኮቢ፣ የዳቦ ቤቱ ልጅ፣ ፍርዱ አጭር፦ «ያስተኛል።
በዓሣ ሆድ የተደበቀ ቁልፍ ማን ያገኛል?
ለዓሣው ሳንቲም፣ ለሳንቲሙ ጉድጓድ፣ ለጉድጓዱ ገመድ፣
ገመዱ ያለፍንበት ከተማ ቀርቷል! ይሄ የባለዕዳ መንገድ
እንጂ ጨዋታ ነው?»

ተስፋነሽ፣ ትምህርት ቤት «ቲክቫ» የሚሏት፣ አትከራከርም፤
ወደቡ ላይ ዝናብ ሲጥል ከስክሪኑ አትነቀልም።
ስምንት ሰከንድ ነው ዝናቡ፤ ያልቅና ይደገማል።
«ሐምሌ ዝናብ በማያውቅበት አገር
ይሄን አጥፊ አትበሉኝ፤ ቁልፉ ይቅር።»

እኔ? ዕብራይስጤን ከዚያች መበለት ተበደርኩ፤
«ላጲስ»ን ሳላውቅ «መልሕቅ»፣ «ወራሽ»፣ «የሻማ ክር» አልኩ፤
መምህርቷ ሣቀች። እኔ ግን ኮራሁ።

ከዚያ ተጣበቅን።
የጉምሩኩ በር ላይ አንድ ዘበኛ፣ ኮቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣
ብንጫነው ብንጫነው አይከፈትም አንደበቱ።
ዳቦ ሰጠነው፣ ሳንቲም፣ ደብዳቤውን፣ ዓሣውንም፤
ሁለት ሳምንት። ኮቢ «ተበላሽቷል» አለ፤
ጌና «መጽሐፉ ውስጥ ዘበኛ የለም።»

ዓርብ ጠዋት አባቴ ቢያድግልኝ ከፈረቃው ገባ፤
የገበያ ማዕከሉ ባጅ አንገቱ ላይ፣ ጫማው በእጁ፤
ሊተኛ ሲል ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አረፈ።
«ማነው ይሄ?»
«ዘበኛ ነው፤ አያሳልፍም።»
«ምን አላችሁት?»
«ዳቦ ሰጠነው፣ ሳንቲም...»
«ምን ሰጣችሁት መቼ አልኩ? እንደምን አደርክ ብላችኋል?»
«አንዴ ብለናል።»
ሣቀ። ሣቁ ደግ አልነበረም።
«አንዴማ በሩን የፈለገ ይላል፤
ሰውየውን የፈለገ ይደግማል።»

ደገምን። ዝም።
ሠለስን። ባርኔጣውን አነሣ፤
«ጉልበቴን ብርድ ጨርሶታል» አለና
እያነከሰ ፈቀቅ አለ።
አባቴ አላየውም፤ መጋረጃውን ስቦ ተኝቷል።

ኮቢ፦ «መጥፎ እንቆቅልሽ ነው። ፍንጭ የለውም።»
ጌናም ፍርዱን አልለወጠም።

ከዓመታት በኋላ መጽሐፉን ቤተ መጻሕፍት አግኝቼ
ገጽ በገጽ አሰስኩት፣ ዘበኛውን ብዬ።
አለ። በአንዲት መስመር፦
«በሩ ላይ ሰው ነበረ፤ አልፋው ገባች።»
ይኸው ነው።
ከዚህች መስመር ኮቱን የሰፋለት፣ ጉልበቱን ያሳመመው
ማን ይሆን? ስሙን ብፈልግ አጣሁት፤
ማን ያውቃል፣ የተጫረው ዲስክ ላይ ነበር።

አምና በኮቢ ልጅ ባር ሚጽቫ ተገናኘን፤
ያው ዓሣ፣ ያው ደረጃ፣ አንዳችንም አልተረታን።
ተስፋነሽ ዲሞና ነርስ ናት፤
ዝናቡን ስልኳ ላይ ቀድታ ይዛዋለች፣ ስምንቱን ሰከንድ።

አዳራሹ በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሽ ሽማግሌ ቆሟል።
ኮቢ ለሲጋራ ሦስት ጊዜ ወጣ፤
ሦስቴም «ማ ኒሽማ» ሲል ሰማሁት።
ሲመለስ ዓይን ለዓይን ተጋጨን።
«ፍንጭ አልነበረውም» አለኝ፣
ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።