ልክ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከኩንሁ ልብስ ስፌት ቤት፣
ከመግቢያው በስተግራ፣ መስኮት በሌለበት፣
በወር ስድስት መቶ ድርሃም የሚከፈልበት
ጥግ አለ። አንድ መኪና፣ አንድ ወንበር፣ አንዲት ሴት።

ጦይባ ትባላለች፤ የወረባቦ ልጅ።
ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት፣ ዘጠኝ ዓመት የሰው ደጅ።
ያጠበችው ምንጣፍ ቢቀጣጠል ኖሮ
ከባሕሩ ተነሥቶ በረሃውን ባለበሰው ነበር ዞሮ።

ከዚያ ወጣች። ጥግ ያዘች።
የሰው ልክ በደብተር መጻፍ ጀመረች፦
ደረት፣ ወገብ፣ ክንድ፣ ትከሻ፣
ከስም ትይዩ፣ እስከ ገጹ መጨረሻ።

አንድ ማታ ቢጫ ቀሚስ፣ እጅጌው የተነፋ፣
ራሷ ለብሳ በስልኳ ለጥፋ፣
ከሥሩ “በልክዎ እሰፋለሁ” ብላ ጽፋ
ተኛች።
ሰፊዋን ሰፊው ሕዝብ ሲሰድባት አደረ።

“ገረድ ደግሞ ዲዛይነር! መጥረጊያሽን ያዢ!”
“ጨርቁን ከመዳምሽ ቁምሳጥን ነው ወይ የምትመዢ?”
ሰባ ሰው በአንድ ሌሊት አንድ አንድ ኮከብ ሰጣት፤
ኮከብ ቆጣሪ ሳይጠራ ኮከቧ ወጣላት፦
ከገበያ አይገጥምም።

አንዱ ለሚዜ ብሎ አሥራ ሁለት ቀሚስ አዘዘ።
ሰፋች። አድራሻው የነዳጅ ማደያ ሆኖ ተገኘ።
አሥራ ሁለቱም ከጣሪያው ሥር ተሰቀሉ፤
ማቀዝቀዣው ሲነፍስ፣
ሙሽራ የቀረችባቸው ሚዜዎች መስለው ይወዛወዛሉ።

ከዚያ በኋላ ፎቶ ስትነሣ
አንገቷን ከላይ መቁረጥ ጀመረች።
ቀሚስ ብቻ። ሰው የለበትም።

እኔ ታች፣ ላውንደሪ ነው የምሠራ።
ወጥቼ ስልኳን ተቀበልኳት።
“አንቺ አታንብቢ፣ አታንቢም፤
ከዛሬ ወዲያ እኔ አነባለሁ” አልኳት።

ማታ ማታ ስድብ በወንፊት እነፋለሁ።
“እጅጌው ጠበበኝ” ያለችውን ለጦይባ አቀብላለሁ፤
እሱ ሥራ ነው። ይተረተራል፣ ይሰፋል።
የቀረውን በቀኑ፣ በስሙ፣ በምስሉ አስቀምጬ
በሩን እዘጋለሁ። አልመልስም።
እሳት ሲርበው ነው እንጨት የሚለምን።

“እናቃጥልሻለን፣ ጥፊ ከዚህ!” ያለውን ይዘን ግን
ጣቢያ ሄድን።
ፖሊሱ በስልኩ አስተረጎመ፤
ስልኩ “ጥፊ”ን በጥፊ ተረጎመ።
ጉንጯን አየት አድርጎ፣ “የቱ ጋ ነው የመታሽ?” አላት።
እስክንወጣ በሳቅ ሞትን።
አውቶቡስ ውስጥ ዝም አልን።
ያ ስልክ ምን ተሳሳተ?

ከሰባዎቹ አንዷን ዐወቅናት።
ስም ለውጣለች፣ የአበባ ፊት ለጥፋለች፤
ሳቋን ግን በሐመሩ ሐ ትጽፋለች፣ “ሐሐሐ” ብላ፤
እንዲያ የሚስቅ ደንበኛ አንዲት ብቻ ናት።
የሠርጓን ልብስ ጦይባ ናት የሰፋች፣
ግማሽ ሒሳቧንም የማረች።

“ደብተሩን አውጪ!” አልኩ። “ልኳን አሳያት!”
ገጹን አወጣች። አየሁት።
ከቁጥሮቹ ጎን አንድ ማስታወሻ አለ፣
ጥጥ ደርባ የሞላችው፣ ባሏ እንኳ ያላየው ነገር።
ምን እንደሆነ አልጽፍም። ስሟንም።

ጦይባ በአውራ ጣቷ ገጹን ሸፈነች፤
“ልኳን ዐውቀዋለሁ” አለች፤
“ለዚህ ነው የማላሳያት።”
ተቆጣሁ፤ እውነት ለመናገር
ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

በሦስተኛው ቀን ሱዳናዊቷ ኢብቲሳም መጣች፣
ሦስት ልጆቿን አስከትላ፣
ቀና ብላ አየችና ከሚዜዎቹ አንዷን አስወረደች፤
በሳምንቱ እህቷ መጣች፣ የእህቷ ጎረቤት መጣች።
አሁን ሰባት ቀርተዋል።

ኮከቡ ገና ዝቅ እንዳለ ነው። የጥጉም ኪራይ ደርሷል።
ዛሬ ጠዋት የለጠፍነው ፎቶ ግን
እስከ አገጯ ይደርሳል።