የስኮርታው ጎድጓዳ

የናሬቭ ወንዝ ረግቶ በረዶ እንደለበሰ፣
በሎምዣ ዳር ከተማ፣ ጋራዣችን ደጃፍ፣ አንድ ፖሎኔዝ ደረሰ፤
ካንዴላው አንዱ ሞቶ በሦስት እያነከሰ።
እኔ የዚያን ጊዜ ኪያቤ አቀባይ፣
መብራት ያዥ፣ ቡሎን ለቃሚ፣
ለጌታዬ ለቫትስዋፍ አፍልቼ ሰጪ ሻይ።

ሴትዮዋ ወረደች፣ ጓንቷን በጥርሷ ስባ፣
ጥቁር ቦርሳዋን ከደረቷ ደርባ።
"ቦጉሚዋ እባላለሁ፤ አዋላጅ ነኝ፤ ሰባት መንደር አለኝ፣
ምጥ ደግሞ አይጠብቅም ቤንዚን እስኪረክስልኝ።
ደሞዜ ከእጄ ወጥቶ ሰልባትዮ ውስጥ ያልቃል፤
ጎረቤቴ ጋዝ አስገብቶ፣
በእኩሌታው ዋጋ ዋርሶ ደርሶ ይመለሳል።"

ትንሽ ዝም አለችና፣ መኪናውን በዓይኗ ዳሳ፣
"ፍሎሪያን ቢሰማ ግን ከጉድጓዱ በተነሣ!
'ቦምብ በጀርባዬ ጭኜ ከምሄድ እሞታለሁ' ይል ነበር፤
ሞተም። በልቡ እንጂ በጋዝ አልነበር።"

ቫትስዋፍ መለሰ፣ ራሱን ኮፈን ውስጥ ቀብሮ፣
"ቦምቡስ ቤንዚን ነበር፤ ለምደነው ነው፣ አብሮን ኖሮ።"

ለካርቡራተሩ አንገት ቀለበት አጠለቅን፤
ጋዙ ከብርድ ወጥቶ ትንፋሽ እስኪሆን፣
የራዲያተሩን ሙቅ ውኃ በጎኑ አሳለፍን፤
በሆዱ ሥር ቀጭን የመዳብ ቱቦ ዘረጋን።
ቦጉሚዋ ጎንበስ ብላ አየችው፣ መነጽሯን ወልውላ፤
"እትብት ነው" አለች።
"ይኼን ግን እንዳትቆርጪው" አላት ቫትስዋፍ፣
ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ ከጎማዎቹ ጥላ።

ቀጥሎ፣ ለታንኩ ቦታ።
ክብ ነው፣ የጎማ ወንድም፤
ከስኮርታው ጎድጓዳ በቀር የሚተኛበት የለም።
ጎማውን ነቅዬ ሳነሣ፣ ከሥሩ
በላስቲክ የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የተቋጠረ፤
ፈታሁት፦ የቤንዚን ራሽን ካርድ። የዱሮ።
ሠላሳ ሊትር። ኩፖኑ አንድም ያልተቆረጠ፤
ማኅተሙ ቁጭ ብሎ መንግሥቱ ያመለጠ።

ቦጉሚዋ ተቀበለችኝ። ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።
"ለክፉ ቀን!" አለች፤ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ቆመች።
"በዚያ በጋ ስለምነው፣ 'ባልቲክን አሳየኝ፣ አንዴ' ብዬ፣
'ቤንዚን ከየት ይመጣል?' አለኝ፤
ተውኩት፣ አምኜ፣ ልብሴን ከሻንጣ አውጥቼ ሰቅዬ።
ከኋላዬ ነበር ለካ!
ስንት ሌሊት ለሰው ምጥ ስሮጥ፣
ባሕሩ ከኋላዬ ነበር፣ በሲባጎ ታስሮ።
መሄጃ ይበቃን ነበር።
መመለሻውን ማን አስቦ!"

ቫትስዋፍ ዘይት የጠገበ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣
ደግሞ ጠረገ፣ የሚለውን ፈለገ፣
አጣ መሰለኝ፣ "ታንኩን አምጣው" አለኝ።
ካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ከመቀሷ ጎን።

በሦስተኛው ቀን፣ ብሩሽ በሳሙና ውኃ ነክሬ፣
መጋጠሚያውን ሁሉ ቀባሁ፣ አንድ በአንድ ቆጥሬ፤
አረፋ የነፋ ውሸታም ነው።
አንዱ ነፋ።
አጠበቅነው፣ አረፋው እስኪጠፋ።

"ስሚኝ" አላት ቫትስዋፍ፣ "በብርድ በቤንዚን ነው የምታስነሺው፤
ሲሞቅ ነው ይቺን ወደ ጋዝ የምትጫኚው።
ሰልባትዮውን ደግሞ አታድርቂው፤
አሮጌው ለመነሣት ያስፈልጋል።"
"አውቃለሁ" አለችው።
ስለ መኪናው ይሁን አልለየሁም።
ተጫነች። ሞተሩ አንዴ ትን አለው፤
ከዚያ ሄደ፣ በአራቱም፣ እንደዳነ ሰው።

ሐምሌ ላይ ተመለሰች፣ ማጣሪያ ልትቀይር፤
ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፤
አልጠየቅናትም፣ አልነገረችንም አንዳች ነገር።
የእግር ምንጣፉን ሳነሣው፣
ዘይት በጠጣው ወለላችን ላይ
ነጭ፣ የላመ አሸዋ ፈሰሰ።
"ጥረገው" አለኝ ቫትስዋፍ።
እስከ ማታ አልጠረግሁትም።