ባዶ ቅንፍ

በቁስቋም ቁልቁለት ስልሳ ሦስት ቤት ናቸው፣
አንድ ዕድር፣ አንድ ድንኳን፣ አንድ ድስት ያላቸው።
ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ አዛናው ዛሉ፤
ነሐሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከጭራ ጋራ፣
ሸረሪት አፉ ላይ ድሩን እያደራ።
(ዕድርም ድር ነው እኮ፣ አንድ ፊደል ቢጎድል።)

«ማራኪ ግቢ ነው የተማርከው» አሉኝ
ዳኛው፤ «በስልክ የሚነፋ ጥሩምባ ሥራልኝ።»

ሠንጠረዥ ዘረጋሁ፣ ስልሳ ሦስት በስልሳ ሦስት፤
አንድ ለሚጠራራ፣ ዜሮ ለማይገናኝ ቤት።
ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ዘጠኝ ክፍል፣
አብዛኛው ዜሮ ነው፣ የተበተነ ጤፍ የሚመስል።

ጋሽ አዛናው መጡ በከዘራ፣ በቀስታ፣
ስክሪኑን አዩና ዝም አሉ ላንድ አፍታ።
«የማይጠራራውን ምን ያስጽፍሃል ልጄ?
ይኸው የኔ መዝገብ» ብለው ሰጡኝ በእጄ፤
ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ ጠርዙ የተበላ፣
ስም ይቀድምና ጎረቤት ከኋላ፦

ሲሳይነሽ፦ አበጀን፣ ውባለምን፣ ይርጋን፤
አበጀ፦ ሲሳይነሽን፣ ከወንዝ ማዶ ጓንጉልን፤
ጓንጉል ግን አበጀን አይጠራ፤ በአጥር ተኳርፈው፣
ፍላጻው በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚያልፈው።
ከስሙ ጎን በእርሳስ፦ «በበጋ አምስት ደቂቃ፤
ክረምት ግን ሃያ ነው፣ መንገዱ ጭቃ።»

ሠንጠረዡን ሰረዝኩ። ዝርዝር ጻፍኩ በምትኩ፣
በየቤቱ ቅንፍ ጎረቤት ተከልኩ።
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ መብራት ሄዶ መጥቶ፣
ጥሪው ከቤት ቤት ዞረ፣ ቀሃን ተሻግሮ ወጥቶ።
ስልሳ ሁለት ቤት ሰማ።

አንዱ አልሰማም።

ወይዘሮ ትጓደድ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ።
ስማቸው አለ፤ ከፊቱ ባዶ ቅንፍ።
በማንም ቅንፍ ውስጥ የሉም።
በሠንጠረዡ ቢሆን ማን ያያቸው ነበር፣ ዜሮ ከዜሮ ጋር?
እዚህ ግን እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍተቱ ይታይ ጀመር።

ጋሽ አዛናውን ጠየቅኩ። አቀረቀሩ ጥቂት።
«እሷን እኔው ነበርኩ የምነግር፣ ከሁሉ በፊት።
አልጻፍኳትም» አሉ፤ «እግሬ ያውቃት ነበር።»

ያን ቀን አንድ መስመር ኮዱ ላይ ጨመርኩ፤
ከትጓደድ ስም ፊት የራሴን ስም ከተትኩ።
ከዚያ መስመሩን ልፈትን ዳገቱን ወጣሁት፣
ውሻ እየጮኸብኝ በሩን አንኳኳሁት።

«ማን ሞተ?» አሉ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ።
«ማንም አልሞተ። መንገዱን ልለካ ነው።»

ከቤቴ አሥራ አንድ ደቂቃ፤
ክረምት ግን እንጃ።